ምልክቱን በቀኝ ትከሻው ያደረገ ወታደር

ልጅ እያለሁ የሰፈራችን ሴት ልጆች ከጭቃ ድስትና ምድጃ ሲሠሩ፣ እኔ የምሠራው ወታደር ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ወንድ ለመሆን ትንሽ ነው የቀራት» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ታዲያ ምን ላድርግ? አባቴ ወታደር፣ ጎረቤታችን የወታደር ጡረተኛ፣ ከቤታችን በላይ ያለው መንገድ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ወታደር የጫነ ካሚዮን የሚመላለስበት። በዚያ ዘመን ኮልፌ ያደገ ልጅ ወታደር ካልሠራ ምን ሊሠራ ነው!

ጭቃውን ከወንዙ ዳር አመጣና ጭድ ቀላቅዬ አቦካዋለሁ። አጥንቱ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው። ካኪውን ከቢጫ አፈር፣ የጫማውን ጥቁር ከጥላሸት አወጣለሁ፤ ለቁልፍ ደግሞ ሰሊጥ አንድ በአንድ በእሾህ ጫፍ እተክልለታለሁ። ያ የእርጥብ ጭቃና የባሕር ዛፍ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ጣቶቼ ሁልጊዜ ቢጫ ስለነበሩ አስተማሪያችን ርድ የፈጨሁ እየመሰላት ትገረም ነበር።

የጦሬ ተቆጣጣሪ ጋሼ ሸምሱ ነበሩ። ከሠራዊቱ በሃምሳ አለቅነት ጡረታ ወጥተው በራችን አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍተዋል። ስኳር እየመዘኑ እንኳ ድምፃቸው የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ነው። ወታደሮቼን አጥሩ ሥር ስደረድር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጡና ልክ እንደ እውነተኛ ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር ይጎበኟቸዋል።

«ይሄኛው ገምባሌው የታለ? ባዶ ቅልጥሙን ነው እንዴ የሚዘምተው?» ይላሉ። «ይሄ ደግሞ ዝናሩን እንደ እርጉዝ ሴት መቀነት ከሆዱ በላይ ታጥቋል! ስሚኝ አስቴር፣ ወታደር የሚታወቀው በልብሱ ነው። አንድ ቁልፍ ከጎደለው ወታደር ሳይሆን የእህል በረንዳ ዘበኛ ነው።»

አቤት ስጠላቸው! እያለቀስኩ ወስጄ አፈርሰውና እንደገና እሠራዋለሁ። ግን ልክ ናቸው፤ በሳቸው ቁጣ እጄ ተፈታ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ገምባሌ፣ ቀበቶ፣ የቆብ አጣጠፍ፣ የማዕረግ ምልክት አንድም አልስትም አልኩ። ደረቴን ነፍቼ እሄድ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው አባቴ ወደ ምሥራቅ ጠረፍ የዘመተው። አሥር አለቃ ደስታ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚስቅ ሰው ነበር። በድንገት ተጠርቶ ስለሄደ ሁለተኛው የካኪ ሸሚዙ ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እናቴ ማንም ያልለበሰውን ያን ሸሚዝ በየቅዳሜው ታጥበዋለች። ፀሐይ ቀለሙን እንዳይመጠው ደግሞ እንደ ወግዋ ገልብጣ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ታሰጣዋለች። «ሲመጣ ንጹሕ ልብስ ይጠብቀው» ነበር የምትለው። እኔም ገመዱ ሥር ቁጭ ብዬ ሸሚዙን አንጋጥጬ እያየሁ አባቴን በጭቃ ሠራሁት። ትከሻው ላይ የተሰፋችውን የክፍሉን ምልክት ሳትቀር፣ ስፌቷን አይቼ በቦታዋ አኖርኩለት። ለጋሼ ሸምሱ ግን አላሳየኋቸውም፤ አባቴን እንዲቆጡብኝ አልፈለግሁም።

እናቴ ስታየው ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሱን ቁርጥ!» አለችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ «እንዴት አደርክ?» ሳትለው ወደ ሥራ አትገባም። እኔም የሆነ ትልቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወሬው ጠፋ። ከጠረፍ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለሌላ ሰው እንጂ ስለ አባቴ የሚያወራው የለውም። በዚያው ሰሞን ከላይ ሰፈር አንዲት የወታደር ሚስት መርዶ ተነገራትና ለቅሶው እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። እናቴ ለቅሶ ደርሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደተመለሰች መስኮቱን ዘወር ብላ አየች። ፀሐዩ ጭቃውን ሰንጥቆት ኖሮ የአባቴ ቀኝ ክንድ ከነምልክቱ ከትከሻው ተገንጥሎ ወድቋል።

«ወይኔ ጉዴ! ምልኪ ነው!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እኔ በውኃ አርጥቤ ልለጥፈው ብል «እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸችብኝ። እህል አስጠላት። ሸሚዙ ከገመድ ላይ ሳይወርድ ዋለ፣ አደረ። እኔም ፈራሁ፤ እናቴ «እሱን ቁርጥ» ያለችው ክንዱ ወልቆ ሲታይ እውነትም የአባቴ ክንድ የወለቀ መሰለኝ። እንዲያ አስተካክዬ ባልሠራሁት ኖሮ ብዬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ጋሼ ሸምሱ እናቴ ዳቦ ልትገዛ አለመምጣቷን አይተው «ብርቄ! ምነው ጠፋሽ?» እያሉ ገቡ። እሷ በእጇ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። የጭቃውን አባቴን በአንድ እጃቸው፣ ክንዱን በሌላው አንስተው እንደ ልማዳቸው ከእግር እስከ ራሱ መረመሩት። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ይሄ ማነው?»

«ደስታ ነዋ፣ ጋሼ ሸምሱ! አይታይዎትም?» አለች እናቴ እያለቀሰች።

«ደስታ? የቱ ደስታ! ምልክቱ የተሰፋው በቀኝ ትከሻው ላይ ነው። የደስታ ክፍል በግራ ነው የሚያደርገው! ኧረ ሸሚዙም እንደ ሴት ሸሚዝ ነው ተደርቦ የተቆለፈው! አንቺ አስቴር፣ እንዲህ ያለ ወታደር በጃንሆይ ጦር ውስጥ የለም። አልተፈጠረም!»

እናቴ ተስፈንጥራ ወጣች። ሸሚዙን ከገመዱ ላይ መንጭቃ አወረደችና እጅጌውን ስባ ወደ ትክክለኛ ገጹ መለሰችው። ምልክቷ በግራ ነበረች። እኔ ለካ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ተገልብጦ የተሰጣ ሸሚዝ አይቼ ኖሯል አባቴን ግራና ቀኙን አዟዙሬ የሠራሁት።

«እስቲ ሌላም ይፈልጉለት፣ ጋሼ ሸምሱ» አለች እናቴ። እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች አጠገባቸው ቆመች። «እሺ፣ ቁልፉ ይቆጠር። አንድ ተርፎታል!» አሉ። «ተመስገን!» አለች። «ጆሮውም ትልቅ ነው።» «አዎ፣ የደስታ ጆሮ ትንሽ ነው!» ሰው በጥፋቴ እንዲያ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ ራበኝ አለች።

ያም ሆኖ ጭቃ ጭቃ ነው፤ የሰው ደህንነት ግን በጭቃ አይረጋገጥም። እናቴ መብላት ጀመረች እንጂ ካሚዮን በተሰማ ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ነገር ማስቀመጧን አልተወችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መስቀል ሊገባ አካባቢ፣ ጋሼ ሸምሱ ከሱቃቸው ሆነው «ብርቄ ውጪ! ውጪ ነው የምልሽ!» ብለው ጮኹ። ከጦር ኃይሎች ሰፈር በኩል አንድ የከሳ ሰው ሻንጣ በትከሻው አድርጎ ይመጣል። ጎረቤት እልል አለ። እናቴ ግን እልል አላለችም፣ አልሳመችውምም። ሮጣ ደርሳ ቀኝ ክንዱን ያዘችና ከትከሻው ጀምራ ክርኑን፣ አንጓውን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አባቴ ግራ ገብቶት «ምን ሆነሽ ነው? ደህና ነኝ እኮ» አላት። እሷ ጣቶቹን መዳሰሷን አላቆመችም።

ዛሬ ልጄ ከከተማ ሲወጣ መንገድ ላይ ሆኖ ሦስቴ ይደውልልኛል፤ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ እኔ እደውላለሁ። ያን ጊዜ ወታደር የሸኘ ቤት ሰውየው እስኪመጣ ወይም መርዶው እስኪነገር ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበር ዕጣው። አባቴ ጡረታ ወጣ፣ የልጅ ልጅ አቀፈ፣ አርጅቶ በገዛ አልጋው ላይ አረፈ። ከላይ ሰፈር የነበረችው ሴትዮ ግን ከል ለብሳ በደጃችን ስታልፍ እናቴ ሳቋን አቋርጣ ትነሳላት ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደምትነሳ አይገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ የኛ መጥቷል፣ የሷ ግን አልመጣም።