ቃል ያልሳተው ወንድሜ

ወንድሜ ጥዑመ ልሳን ዜጌ ላይ፣ አብነት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው። እዚያ ተማሪ የሚባለው የየኔታን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ የያዘ ነው፤ አንዲት ቃል የሳተ ቁንጥጫ አለለት። እኔ ባንቺአየሁ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ባሕር ዳር ፋብሪካ እሠራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም እኔ ቤት አረፈ።

ዘንድሮ መመረቂያው ነበረ። ጣናን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ አጠና። "አንዱን ጥናት ለምሁራን፣ ለቢሮ ኃላፊዎችና ለዓሣ አስጋሪዎች ለየብቻ ጻፉ አሉን" አለኝ።

"እምቦጩ ያው አንድ እምቦጭ አይደል እንዴ?" ብየ ሳቅሁበት። የአስጋሪዎቹን ሲያነብልኝ ግን አፌን ከፍቼ ሰማሁ፤ ታንኳው አረሙ ውስጥ ተይዞ ሲንገታገት ታየኝ። የቢሮውንም ወደዱለት።

የምሁራኑ ጽሑፍ ላይ ግን ጉድ ፈላ! መምህሩ ሕዝቅኤል ስለ እምቦጭ በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ጥናት አለ። የእኔው ጉድ እሱን ገጽ በገጽ በቃሉ ያዘና እንዳለ ጽፎ ሰጣቸው። ደስ ይላቸዋል ብሎ እኮ ነው! የመምህርን ቃል ለመምህሩ ከመመለስ የበለጠ አክብሮት አያውቅም። ኮምፒውተሩ ሲመረምረው "የተቀዳ ነው" አለ። ወረቀቱ ወደቀ፤ ምርቃቱም አብሮ ቀረ።

ሥራ አስፈቅጄ መምህር ሕዝቅኤል ዘንድ ሄድሁ። "እርስዎን ለማክበር ብሎ ነው፤ ወንድሜ ሌባ አይደለም" አልኋቸው።

ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። "ገብቶኛል እህቴ" አሉ። "በራስህ አባባል ጻፍ ብየ ስንት ጊዜ ነገርሁት። አሁን ግን ከእጄ ወጥቷል፤ ኮሚቴው ወስኗል።"

ተነሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ወንድሜ ደግሞ እህል አልቀምስ አለ። "እኔ ማን ነኝና ነው የእሳቸውን ቃል የምለውጥ?" ይለኛል።

ንዴቴ መጣ። "ታዲያ ለአስጋሪዎቹ እንዴት ከራስህ ጻፍህ?" ብየ ጮኽሁበት።

"እነሱማ መምህሮቼ አይደሉም፤ ጎረቤቶቼ ናቸው" አለኝ።

እሑድ በጀልባ ተሳፍረን ዜጌ፣ ያስተማሩት የኔታ ዓምደ ሚካኤል ዘንድ ወሰድሁት። እሳቸው እንኳ ያጽናኑታል ብየ ነበር። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

"ተመረቅህ ወይ ልጄ?"

"አልተመረቅሁም፣ የኔታ። የመምህሬን ቃል ብጽፍ ጣሉኝ።"

የኔታ ደነገጡ። "ከቃላቸው ስንቱን ሳትህ?"

"አንድም አልሳትሁም።"

"ኧረ ተው! ስተህ ቢሆን ነው እንጂ፣ ቃላቸውን ለያዘ ማን ይቀጣል? በል፣ ድገምልኝ" አሉና ጆሯቸውን አዘነበሉ።

የቀጡት ስላልሳተ ነው ልላቸው ስል፣ ወንድሜ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያን ሁሉ እንግሊዝኛ ይወርድላቸው ጀመር። አንዲት ቃል የማይሰሙት የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሳተባትን ቦታ ይጠብቁ ነበር።