ጫማ የሚወለቅበት ካፌ

ሥራዬ የሰው ሱቅና ምግብ ቤት ውስጡን ማስዋብ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ጂፕሰም እሰቅላለሁ፣ ሴራሚክ አነጥፋለሁ፣ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝም አንድ ነገር ነው፦ «እንደ አዲስ አበባ አድርግልኝ።» እንደ ሰቆጣ አድርገህ ሥራልኝ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አንዱ ሱቁ ውስጥ ጂፕሰም ካስገባ ጎረቤቱ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም፤ ከማን አንሼ ይልና ፍየሎቹን ሸጦ ይመጣል። እግዜር ቅናታቸውን ያብዛልኝ፣ ልጆቼን የማበላው በእሱ ነው።

እህቴ ከዓረብ አገር በተመለሰች ሰሞን እሷም ደንበኛ ሆና መጣች። «የእናታችንን ቤት ካፌ አድርግልኝ» አለችኝ። «ካፌው ከሠራልኝ እዚሁ እኖራለሁ። ካልሠራልኝ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ እመለሳለሁ።» ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልቀለደችም።

እናታችን እኛን ያሳደገችው በዚያ ቤት ጠላ እየሸጠች ነው። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ ያለው ቤት ነበር። በገበያ ቀን ከደሃናና ከሰቆጣ ዙሪያ የሚመጣው ገበሬ አህያውን ደጅ ያስራል፣ ዱላውን ጥግ ያስደግፋል፣ ከዚያ እስኪመሽ ይጮሃል። ስለ በሬ ይጮሃል፣ ስለ ድንበር ይጮሃል፣ ሲስቅም ይጮሃል። እናቴ ጉልበቷ ከድቷት ሥራውን ካቆመች ወዲህም «እንደው ትንሽ ይቅዱልን» እያሉ ይመጡ ነበር። እህቴ የተማመነችው በእነሱ ነው።

በስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ወለሉ ነጭ ነው፤ ሰው ጎንበስ ቢል ፊቱን ያይበታል።

«ይኼ ሆቴል የት ነው?» አልኳት።

«ሆቴል አይደለም። የሠራሁበት ቤት ሳሎን ነው። ሌላው ይቅር፣ ወለሉን ልክ እንዲህ አድርግልኝ።»

ነጭ ወለልና የሰቆጣ አቧራ እንዴት እንደሚስማሙ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ግን ከደንበኛ ጋር መከራከር ደግ አይደለም፤ ደንበኛዋ እህት ስትሆን ደግሞ ትርፉ ድካም ነው።

ሥራው ተጀመረ። መደቡን አፈረስነው። ሴራሚኩን ከወልዲያ አስመጣን፤ መንገዳችን ምስጋና ይግባውና ከፊሉ ዱቄት ሆኖ ደረሰ። ኮርኒሱን በጂፕሰም አበባ ሞላሁት፣ በየአበባው መሃል መብራት ተከልኩ፤ የጎደለው ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር። አንዱን ግድግዳ ፏፏቴ ያለበት ወረቀት ለጠፍንበት። የከተማችን ቧንቧ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ በዓመት በዓል እንኳ መምጣቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ሳይቋረጥ የሚወርደው ውሃ የግድግዳው ብቻ ሆነ። እናታችንን ደግፈን አስገብተን አሳየናት። ዙሪያውን አየች፣ ነጩን ወለል በከዘራዋ ነካ ነካ አደረገችና «ሐኪሙስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች።

በተከፈተ ቀን የቢሮ ሰዎች መጡ። ለሦስት አንድ ማኪያቶ አዘዙ፣ በፏፏቴው ሥር ተራ በተራ ፎቶ ተነሱ፣ «ሰቆጣ ተለወጠች!» ብለው ፌስቡክ ላይ ለጠፉና ሄዱ። ሰቆጣን መለወጥ እንዲህ ቀላል መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ የገበያው ቀን ደረሰ። እህቴ ማለዳ ወጥ ሠርታ፣ ጠላውን በንጹሕ ብርጭቆ ደርድራ ቆማ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ደንበኛ ከደሃና የመጡ፣ የእናቴ የጥንት ጠጪ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለት ጓደኞቻቸው ተከትለዋቸዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወለሉን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ። ደጁ ላይ አስተካክለው አስቀመጡና በባዶ እግራቸው፣ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ገቡ። ጓደኞቻቸውም እንደዚያው አደረጉ። አንደኛው ለሌላው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጛ «ቄሱ የት አሉ?» ሲለው ሰማሁና ሳቄ አመለጠኝ። እህቴ አልሳቀችም።

«አባቴ፣ ኧረ ጫማዎን ያድርጉ! ምግብ ቤት እኮ ነው!»

«አይሆንም ልጄ። ይኼን በመሰለ ወለል ላይማ በጫማ አልረግጥም። ነውር ነው።»

ከእነሱ ኋላ የመጣው ሁሉ ደጁ ላይ የተደረደረውን ጫማ እያየ የራሱን አወለቀ። ማንም አላዘዘውም። ጫማውን ያወለቀ ሰው ደግሞ አይጮህም፤ በሹክሹክታ አዘዙ፣ በሹክሹክታ ጠጡ። የበሬውም የድንበሩም ጨዋታ ቀረ። እንዳይፈስባቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። አንድ አንድ ጠጥተው፣ እህቴን መርቀው ወጡ። ኮንጎ ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና ደጁ ላይ ጫማ ተቀያየረ፤ አንዱ ምስኪን ሁለት የግራ እግር ይዞ ደሃና፣ አምደወርቅ ድረስ ገባ አሉ።

በሚቀጥለው ገበያ ጥቂቶች መጡ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጠላ ቤት ጩኸታቸው እኛ ድረስ ይሰማል። ጎረቤቶቻችን በኀዘኔታ እየመጡ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው» እያሉ አጽናኑን። ለማጽናናት የሰቆጣን ሰው የሚያህል የለም። እህቴ ግን ስልክ ማውራት አበዛች፤ የምታወራው ሰው ወደ ዓረብ አገር ከሚልክ ደላላ ጋር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዶሻዬን ይዤ ሄድኩ። በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን ትወለውላለች። የሚያቆሽሸው ሰው በሌለበት ቤት!

«ተነሽ» አልኳት፣ ንዴቴን መደበቅ አቅቶኝ። «ይኼን ነገር ነቅዬ ሲሚንቶ ሊሾ አደርግልሻለሁ። መደቡንም እመልሰዋለሁ። ሰዎቹ ይመለሳሉ።»

መወልወሏን አላቆመችም። «እዚያ ዓረብ አገር፣ የምሠራበት ቤት ስገባ ደጅ ላይ ጫማዬን ያስወልቁኝ ነበር» አለች። «እነሱ በጫማቸው ይሄዳሉ፤ እኔ በባዶ እግሬ ከኋላቸው እወለውላለሁ። አንድ ቀን የራሴ ይኖረኛል፣ ጫማዬን አድርጌ እሄድበታለሁ እል ነበር።»

«ታዲያ አልሄድሽበትም?»

ቀና ብላ አየችኝ። እግሮቿን ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው፤ ባዶ ነበሩ።

«አባቴን የሚያህሉ ሰዎች ደጄ ላይ እያወለቁ እኔ እንዴት ልርገጠው?»

ለሁሉም ነገር አፍ አያጣም የምባለው ሰውዬ፣ መዶሻዬን ከኋላዬ ደበቅኩት።

ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ተረከዝ ያለው ጥቁር ጫማ አድርጋለች። ከበሩ እስከ ፏፏቴው ሄደች፤ ዞራ ተመለሰች። ባዶው ቤት በጫማዋ ኮቴ አስተጋባ። ደግማ ሄደች፣ ደግማ ተመለሰች፣ ከዚያ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«በቃኝ» አለች። «አሁን ስበረው። የትም አልሄድም።»

ባለሙያ የገዛ ሥራውን ሲያፈርስ ያመዋል ይላሉ። እኔ እንደዚያ ወለል ደስ ብሎኝ የሰበርኩት ነገር የለም፤ እንባዬ ዓይኔን ጋርዶት ገና በመጀመሪያው ምት ጣቴን መታሁ።