መሬታችን ከተማ ሲሆን

ሰውዬውን ዛሬም አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አንባቢ «ኋላ ላይ ልቧ ይራራ ይሆናል» ብሎ በከንቱ እንዳይጠብቅ ነው።

ቤታችን ከወረታ ዳር፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ከጓሯችን ቀጥሎ የአባቴ ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያ እስከ ጣና ድረስ ዐይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ አባቴ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ያለ ዝናብ እህል ያደርሳል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት የእኩል ሲያርስ ኖሮ ይህን ማሳ ያገኘው የመሬት አዋጁ ሲወጣ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ለክቶ የሰጠው ዕለት ማሳው ላይ ውሎ ማሳው ላይ መሸበትና እናቴ ልትፈልገው ወጣች። «ምን ስትሠራ ነው?» ብትለው «ስዞር» አላት።

ሰውዬው የአባቴ አበልጅ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሲኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ጠላ ሳይጠጣ አያልፍም ነበር። ቀበሌ ሲቋቋም ተመረጠ። ሊቀመንበር ሆነና የስፌት መኪናውን ለዘመዱ ሰጥቶ ካኪ ለበሰ።

አንድ የኅዳር ጠዋት፣ ጓያው አበባ ላይ ሳለ፣ ሰዎች ገመድና ችካል ተሸክመው ማሳችን ውስጥ ገቡ። ከፊት የሚመራቸው አበልጃችን ነው። አባቴ ጋቢውን እያጣፋ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

«አበልጅ፣ ምንድን ነው ነገሩ? እህሉን እየረገጣችሁት ነው እኮ።»

«ደስ ይበልህ እንጂ! ከተማው ሰፋ። ይህ ሁሉ ወደ ማዘጋጃ ቤት ተካልሏል። ከእንግዲህ ከተሜ ነህ። ቧንቧ ይገባላችኋል፣ መብራት ይገባላችኋል፣ መንገድ ይወጣላችኋል።»

«መሬቱስ?»

«መሬቱማ የመንግሥት ነው። ለቤት መሥሪያ ይመራል።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የተረገጠውን ጓያ ቀና አደረገ። ከዚያ «እንግዲህ መንግሥት ካለ ምን እላለሁ። ጓያውን ግን ልሰብስብ። እስከ ጥር ታገሱኝ» አለ።

«እኔ እያለሁ! እኔ ራሴ እነግርልሃለሁ» አለና የአባቴን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው።

አባቴ አመነው። ግሬደሩ የመጣው በታኅሣሥ ነው፤ ጓያው ፍሬ ቋጥሮ ለአጨዳ ሲደርስ። አባቴ ሮጦ ቀበሌ ሄደ። በኋላ እንደነገረን መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሰውዬው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ዐይን ለዐይን ተያዩ። አባቴ አፉን ሳይከፍት ሰውዬው ከወንበሩ ተነሳና መስኮቱን ዘጋው። ጥበቃው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ መለሰው።

አባቴ ሲመለስ ግሬደሩ እህሉን ከነአፈሩ ገፍቶ ከዳር ከምሮታል። እኔና እናቴ ከክምሩ ውስጥ እየፈለቀቅን በቀሚሳችን ስንሰበስብ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀን። ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም። ባዕዱ ሾፌር ያዘነልንን ያህል አበልጃችን አላዘነልንም።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ያጣን ሆንን። ገበሬ ማኅበሩ «እናንተ ወደ ከተማ ተካልላችኋል» ብሎ አባቴን ከአባልነት አወጣው፤ ምትክ መሬት ከለከለው። ግጦሹ ስለታጠረ በሬዎቹ ተሸጡ። ማሳችን ላይ ሰፊ መንገድ ወጣ፤ ግራና ቀኙ ለሰው ተመራ፤ የመብራት ምሰሶ ተተከለ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት የቦኖ ውሃ ቆመ። ችካሉ የተመታው ግን በማሳውና በቤታችን መካከል ኖሯል። ምሰሶውም ቧንቧውም ችካሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አባቴ «መብራቱስ? ውሃውስ?» ብሎ ቀበሌ ቢሄድ፣ «እናንተ ገና አልተካለላችሁም» ተባለ። ለመሬቱ ሲሆን ከተማ፣ ለውሃው ሲሆን ባላገር። በእኛ ዳር የቀሩት ጎጆዎች ሁሉ ዕጣቸው ይኸው ነበር።

እናቴ «ሰው ውሃ አይከለክልም» ብላ እንስራዋን አዝላ ወደ ቦኖው ወረደች። ከሰልፉ ፊት የቆመችው የሊቀመንበሩ ሚስት ነበረች፤ ወንድሜን ከቄሱ እጅ ተቀብላ ያቀፈች ሴት። «እዚህ የሚቀዳው የቀበሌው ነዋሪ ነው» አለችና የእናቴን እንስራ በእግሯ ገፋችው። ተንከባሎ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። እናቴ ገሉን እንኳ ሳታነሳ ተመለሰች። ለዓመታት ከብት ከሚጠጣበት ጉድጓድ ስንቀዳ ኖርን፤ በጋ ሲገፋ ውሃው ጭቃ ይሆናል፣ በነጠላ እናጠለዋለን።

አባቴ ገመድ ገዝቶ ተሸካሚ ሆነ። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ላይ የጭነት መኪኖች ሲቆሙ፣ ጨው፣ ከረጢት፣ የተገኘውን ሁሉ ይሸከማል። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ብሄድ «ቆርቆሮ ተሸክሞ ወደ አዲሱ ሰፈር ሄዷል» አሉኝ። ተከትዬ ሄድኩ። ሽምብራ እንዘራበት በነበረው ቁራሽ ላይ ትልቅ ቤት እየተሠራ ነው፤ ባለቤቱ ሊቀመንበሩ። አባቴ ለዚያ ቤት ጣራ የሚሆን ቆርቆሮ ተሸክሞ፣ ከክብደቱ የተነሳ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አየሁት። ሰውዬው ከበሩ ቆሟል። «አበልጅ» አላለውም። ስሙን እንደማያውቀው ሰው «አንተ! ቀስ በል፣ እንዳታጣምመው!» አለው።

ማታ «ለምን ተሸከምክለት?» ብዬ ጮህኩበት።

«እናንተ ምን ልትበሉ ኖሯል?» አለኝ።

እሱ ተኛ። እኔ ግን የዚያን ዕለት ማልኩ። ያኔ ለዐቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ ነበርኩ፤ ሌላዋ እኩያዬ ባል ስታስብ እኔ ያንን ሰው እንዴት እንደማዋርደው ሳስብ ውዬ አድር ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲከፈት ከዳሩ ሰፈር ሴቶች ሁሉ እኔ ብቻ ሳልቀር የተማርኩትም ለዚሁ ነው። ማንበብ ለምን እንደሚጠቅመኝ ባላውቅም አንድ ቀን መንገድ ይከፍትልኛል ብዬ ነበር።

ከፈተልኝ። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ኃላፊ መጣለት፤ ከሸዋ በኩል የመጣ፣ በእግሩ መዞር የሚወድ ሰው። እናቴን ከቦኖው አጠገብ ጭቃ ውሃ አዝላ ስታልፍ አግኝቷት «እማማ፣ ንጹሕ ውሃ እዚህ እያለ?» ቢላት፣ «ገና አልተካለላችሁም ብለውን ነው ጌታዬ» አለችው። የቀለደች መስሎት ሳቀ። ጎጆዎቹን ዞሮ ሲያይ ሳቁ ጠፋ። በሳምንቱ ስብሰባ ጠርቶ ቧንቧው እስኪቀጠል የዳሩ ሰፈር ከቦኖው እንዲቀዳ፣ ሹምም ቢሆን ማንም ከተራው እንዳያልፍ አዘዘ። የቦኖው ጠባቂም ከዳሩ ሰፈር እንድትሆን፣ ማንበብ የምትችል እንድትሆን። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሌላ ሴት ሊጠቁም ሲል እናቶች «እሷ አለች!» ብለው እኔን ገፉኝ። የቦኖውን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

የሊቀመንበሩን ሚስት እንስራዋን አልሰበርኩባትም። «እትዬ፣ እንደምን አደሩ፣ ሰልፉ ከወዲያ ነው» እላታለሁ። ያን ያህል ብቻ። በየቀኑ፣ በፈገግታ። ፊቷ ሲጠቁር ሳይ ቁርስ የበላሁ ያህል ያጠግበኝ ነበር። ይህ ግን ለሚስቲቱ ነው፤ የሰውዬው ዕዳ ገና ነበር።

በጥር ሴት ልጁን ሊድር ተነሳ። ከአውራጃ ባለሥልጣናት ተጠርተዋል፤ ማሳችን ላይ ዳስ ተጣለ። በበጋ ቦኖው ጠዋት ተከፍቶ የማጠራቀሚያው ውሃ እስኪያልቅ ነው የሚፈሰው፤ ካለቀ እስከ ነገ የለም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በዋዜማው በዳሩ ሰፈር በየጎጆው ዞርኩ። «ነገ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ይዛችሁ ማልዳችሁ ውረዱ» አልኳቸው። አንዲቷም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

ሲነጋ አወራረዳቸውን ማየት ነበር። እንስራው፣ ጋኑ፣ ጀሪካኑ፣ የልጅ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር። ሰልፉ መንገዱን ተሻግሮ ሄዷል። የሰርጉ ቤት ሰዎች በርሜል እያንከባለሉ ሲደርሱ «ተራ ያዙ» አልኳቸው። ተመልሰው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ፤ ከኋላው ጠብመንጃ የያዘ አንድ የአብዮት ጥበቃ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውሃ እየተቀዳ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሰርግ እንዳለብኝ አታውቂም?»

«እንኳን ደስ ያለዎት። ሰልፉ ከወዲያ ነው።»

«አሳስርሻለሁ!»

«ያሳስሩኝ። ቁልፉም አብሮኝ ይታሰራል።»

ወደ ጥበቃው ዞረ። ልጁ ግን መሬት መሬት ያያል፤ ከሰልፉ መሐል የገዛ እናቱ ቆማለች። ከዳሱ በኩል የእንግዶቹ ድምፅ ይሰማል። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«እኔ? ምንም። አባቴን ይጠይቁት።»

አባቴን ወሬው ጠርቶት ኖሯል፣ ገመዱን ትከሻው ላይ እንደጣለ መጥቶ ከኋላችን ቆሟል። ሰውዬው ወደ እሱ ሄደ። «አበልጅ» አለው። መሬታችን ከተወሰደ ወዲህ ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። «አበልጅ፣ ልጅህን ምከራት። እንግዳ እቤቴ ተቀምጧል። አታዋርደኝ።»

አባቴ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ «ስጪው» አለኝ።

ለዚህ ነበር እንዴ የደከምኩት?

«ስጪው» አለ ደግሞ፣ «ግን ራሱ ይሸከም። የምታውሰው ካለች እንስራ አውሱት።»

በእኛ አገር ወንድ እንስራ አያዝልም። እናቴ ወደፊት መጣችና የራሷን እንስራ ቦኖው ሥር አስቀመጠች። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አፉ ድረስ ሞላሁት። ሰውዬው ወደ ጥበቃው አየ፣ ወደ ዳሱ አየ፣ ከዚያ ጎንበስ አለ። ሸክም ማሰር የሚያውቅበት አባቴ ነው፤ ገመዱን በካኪው ደረት ላይ አዙሮ አጥብቆ አሰረለት። ሲጨርስ «ቀስ በል፣ እንዳትሰብረው» አለው።

ማሳችን ላይ በወጣው መንገድ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ውሃው ጀርባው ላይ እየፈሰሰ ሄደ። ከሰልፉ አንዲት ሴት እልል አለች። ዳሱ ውስጥ ያሉት እንግዶች የሙሽሪት እልልታ መስሏቸው ተቀበሏት። እኔ ሣቄን ልይዘው አልቻልኩም፤ ልይዘውም አልፈለግሁም። ደጋግሞ ተመላለሰ። በመጨረሻ አባቴ «ይበቃል» አለና ሌላውን ሰዎቹ በበርሜል ወሰዱ።

ሰርጉ ባለፈ በማግስቱ መጥተው ያዙኝ። «ልማት አደናቃፊ» ብለው ቀበሌው እስር ቤት ከተቱኝ። የዳሩ ሰፈር ሴቶች በተራ ስንቅ አመላለሱልኝ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ተከራክሮ አስፈታኝ፤ ቁልፉን ግን ለሌላ ሰጡት። ደንታ አልሰጠኝም። ጉዳዩ አውራጃ ድረስ ስለተሰማ ኃላፊው የቧንቧውን መስመር ክረምት ሳይገባ እኛ ሰፈር አስቀጠለው። እናቴ ከደጇ ቀዳች። መሬቱ አልተመለሰም። አባቴም ጀርባው እስኪከዳው ተሸካሚ ሆኖ ኖረ።

በፋሲካ ሽማግሎች ሰውዬውን ይዘው ለዕርቅ መጡ። አባቴ ቶሎ እሺ አለ፤ «ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው» ብሎ ሰውዬውን ሳመው። ሽማግሎቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ «አንቺስ ልጄ?»

«አባቶቼ፣ እናንተን አክብሬ ብድግ ብያለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን አታስወጡኝም» አልኳቸው። አላስወጡኝም።

ያችን ሙሽራ ከብዙ ዘመን በኋላ ገበያ አገኘኋት። እሷም እንደ እኔ የልጆች እናት ሆናለች። እጄን ይዛ ከሰው ለይታ ወሰደችኝ።

«የሰርጌን ቀን አበላሽተሽብኛል። እኔ ምን አድርጌሽ ነበር?» አለችኝ።

«አንቺ ምንም አላደረግሽኝም።»

«ታዲያ እስካሁን? አባቴ አርጅቷል እኮ። አባትሽ እንኳ ይቅር ብሎታል።»

«አባቴ የራሱን ይቅር አለ» አልኳት። «የኔ የኔው ነው።»

ከዚያ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፤ እስከ መገንጠያው አብረን ሄድን። እሷ ወደ አባቷ ቤት ታጠፈች፤ እኔ ቀጥ ብዬ አለፍኩ።