ጠላውን ቀድሞ የቀመሰው ሰው

የአንድ ቀኔ ወጪ ይኼ ነው፦ ሙሉ የኮምፒውተር ባትሪ፣ የኢንተርኔት ካርድ፣ የሕፃኗ ልጄ ለቅሶ፣ እሷን የምትይዝልኝ የባሌ እኅት የአበቡ ፌዝ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ቀኑ ከሰረ። መካነ ሰላም ተቀምጬ የድሮ ፈረንጅ መንገደኞች ስለ አገራችን የጻፉትን፣ ወደ አማርኛ የተመለሰውን፣ በኢንተርኔት እንዲነበብ እተይባለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ልጄ አድጋ ታነበዋለች እላለሁ።

በቀደም አንዱ ገጽ ላይ የአማቴ፣ የባሌ አባት፣ መንደር ወጣ። ደስ ብሎኝ ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መንገደኛውን ሲመሽበት ያሳደሩት የእሳቸው ቅድመ አያት ኖረዋል፤ ስማቸው ከነአባታቸው ተጽፏል። አማቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ቀጥሎ ግን፣ "ለእኔ ካመጣው ጠላ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ቀድሞ ጠጣብኝ፤ እንዲህ ያለ ሆዳም አላየሁም" ይላል። አፌ ቀድሞኝ አነበብኩት።

"ወይ ጉድ! ለካ ሆዳችን የዘር ነው!" አለች አበቡ እየሳቀች።

አማቴ አልሳቁም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ቀምሶ መስጠት እኮ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "መርዝ የለበትም፣ አይዞህ ለማለት። ሰርዢው፣ ልጄ።"

"መሰረዝ አልችልም፣ አባባ። ልማዱን የሚያውቅ ሰው በስሙ ከመሰከረ ግን ከሥሩ ማስታወሻ ይገባል። የእኔ አይሆንም፣ ተያቢዋ ነኝ። በእርስዎ ስም ልጻፈው?"

"የገዛ ቤቴን እኔው ላመስግን? ነውር አይደለም?"

"እንግዲያው ጎረቤት ልጠይቅ?"

"ሆዳም መባላችንን በሰው በር እየዞርሽ ልታነቢ? ተይ፣ በእመብርሃን!"

ከዚያ ወዲህ ራት ሳቀርብላቸው ቀና ብለው አያዩኝም፤ እኔም ዓይናቸውን እሸሻለሁ። ፈረንጁ ቢጽፈውም በእኔ ጣት ተተይቦ፣ በእኔ አፍ ተነብቦ ነው ጆሯቸው የገባው። ባሌን ወልዶ ባሳደገ ሰው ፊት! ጽሑፉ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ይለቀቃል፤ ያኔ ዓለም ሁሉ ያነበዋል።

የመንደሩንም የሰውየውንም ስም እዚህ ያልጻፍኩት አማቴ በሰው በር አታንብቢ ስላሉኝ ነው። በወግዲም በአጅባርም በኩል ያላችሁ፣ በቤታችሁ ለእንግዳ ቀምሶ መስጠት እንደ ነበረ የምታውቁ ሁሉ፣ እባካችሁ በስማችሁ ጽፋችሁ መስክሩልኝ። የማን ቤት እንደ ሆነ ግን አትጠይቁኝ።