አይቼ ዝም ያልኩት ጨው

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ነው። ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የባሌን እህት ስሟን ቀይሬ ሰናይት እላታለሁ፤ የራሴንም አልጽፍም። ጎንደር ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

ቤቴ አዘዞ ነው። ኬክ ጋግሬ፣ ዲኮር አድርጌ እሸጣለሁ። ልደት በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ የሠፈሩ ኬክ በእኔ እጅ ያልፋል። ታዲያ ረባ ያለ ዕቃ አልነበረኝም። ኬኩን በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጬ በአንድ እጄ እያዞርኩ፣ በሌላው ክሬሙን ጫፉ ከተቆረጠ ፌስታል እጨምቃለሁ። አንድ ቀን አራዳ አንድ ሱቅ ውስጥ የሚሽከረከር የኬክ ማስቀመጫ አየሁ። አበባና ቅጠል ከሚያወጡ የብረት ጫፎች ጋር በአንድ ካርቶን ነው የሚሸጠው። በጣት ነካ ሲያደርጉት ዝም ብሎ ይዞራል። ለባሌ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ዕቃ አወራሁለት። ሰውየው ጆሮ የለውም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ለካ አለው! ለገና አንድ ሳምንት ሲቀር ቁም ሣጥን ሳጸዳ፣ ከኮቶቹ ሥር ያ ካርቶን በአበባ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት። ጥጉን ቀደድ አድርጌ አየሁ፤ ራሱ ነው። ምንም እንዳላየ ሰው መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ሳምንት የጾሙን ሽሮ እንኳ ከወትሮው አሳምሬ ነው የሠራሁለት።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሰናይት ኬክ ልትሠራ እኔ ቤት መጣች። ኦቭን ያለው እኔ ጋ ነው። ሙያውንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነበር። በማግሥቱ እጮኛዋ እናቱን ይዞ ከማክሰኝት ሊመጣ ነው። ሴትዮዋ ልጅቷን አይተዋት አያውቁም። "እትዬ፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን ይቅመሱልኝ" እያለች ስንት ቀን ስትጨነቅ ከርማለች። እኔም ለዚያው ግብዣ የራሴን ኬክ እየሠራሁ ነበር።

ባሌ ካርቶኑን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። እጄን በሽርጤ ጠረግኩና ልቀበል ተዘጋጀሁ። እሱ ግን አልፎኝ ሄዶ ለእህቱ ሰጣት። "እንኳን አደረሰሽ፤ በሙያሽ እደጊበት!" አላት።

ልጅቷ እልል ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"ለእኔስ?" አልኩት፣ ቀልድ አስመስዬ።

"አንቺማ ምን ጎደለሽ! ያንቺ እጅ እኮ መሣሪያ አይፈልግም" ብሎኝ እየሳቀ ወጣ። ማሞገሱ ነው እንግዲህ! ቆሽቴ ድብን አለ። ሁለት ዓመት የለፈለፍኩት ለእሷ ነው? ከፌስታል ጋር ስታገል የኖርኩት እኔ አይደለሁም?

ሰናይት ኬኳን ማስቀመጫው ላይ አድርጋ ታሽከረክረው ጀመር። "እትዬ፣ እይው እስኪ፣ እንዴት ሸጋ ነው!" ትለኛለች። "አዎ፣ ጥሩ ነው" እላለሁ በአፌ። በሆዴ ተሰብሮ በወደቀ እላለሁ። ቀናሁ። እንዲህ አድርጌ በሰው ቀንቼ አላውቅም።

ትንሽ ቆይታ "ክሬሙ ቀጠነብኝ" አለች።

"ስኳር ጨምሪበት" አልኳት ዞር ሳልል።

ዱቄት ስኳሩንና ያስፈጨሁትን ጨው የማስቀምጠው በሁለት ተመሳሳይ የወተት ቆርቆሮዎች ነው። ዞር ስል የሰናይት እጅ የጨው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አንድ ማንኪያ ጨመረች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። አፌን ከፍቼ ነበር። አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው፤ "ጨው ነው" ማለት። አላልኩም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣቷን ነክራ ትቀምሰው ነበር፤ እኔው ነኝ ሳትቀምሺ አትቀቢ ብዬ ያስተማርኳት። ያን ቀን ግን ጾም ነው። ቅቤ ያለበትን ክሬም በምላሷ አታስነካም። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ፤ ኬኳን ተሸክማ ስትወጣም በሩን ከፈትኩላት።

በማግሥቱ ጠዋት አማቴ ቤት ተሰበሰብን። አማቴ መሪጌታ ናቸው፤ እኛም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው። በእሳቸው ቤት እሳቸው ባርከው ሳይቀምሱ ማንም ጾሙን አይፈታም። የሰናይት ኬክ ነጭ ጽጌረዳ በጽጌረዳ ሆኖ ቀረበ። የእኔ ከጎኑ የድሃ ልጅ መሰለ። የእጮኛዋ እናት "እሰይ! ባለሙያ ናት!" አሉ። ይግረማችሁና እዚያም ላይ ቀናሁ።

የኔታ ባርከው ቆረሱና ጎረሱ። መንጋጋቸው ቆም አለ። ቀና ሳይሉ አላምጠው ዋጡት። ከዚያ ኬኩን ከነትሪው ወደ ራሳቸው ሳቡ።

"አርባ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ፤ የልጄን ኬክ ለብቻዬ ልብላው። እናንተ ያንን ብሉ" ብለው ወደ እኔ ኬክ ጠቆሙ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ገባኝ፤ ጨውነቱን ሊደብቁላት ነው።

"ምነው የኔታ! የምራቴን ሙያ እኔ ሳልቀምስ?" አሉ የእጮኛዋ እናት፤ እጃቸውን ሰድደው ቆረስ አደረጉና ጎረሱ። ፊታቸው ጭምድድ አለ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ሰናይት ደንግጣ ከኬኩ ቀመሰች። "ጨው ነው" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወጣች።

የኔታ ሁለተኛውን ቁራሽ እየጎረሱ "ደክሟት ነው" አሉ። ሴትዮዋም ደግ ናቸው፤ "እኔስ ሙሽራ ሳለሁ ስንቱን ወጥ አሳርሬያለሁ!" ብለው ሳቁ። ጋብቻው አልፈረሰም። የእኔ ኬክ ተቆርሶ ሁሉም አመሰገነኝ። ለእኔ ግን አንዲት ቁራሽ አልወረደችልኝም።

ሰናይትን ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት። ስታየኝ መጥታ አቀፈችኝ። "ይቅር በይኝ እትዬ፤ አንቺንም አሰደብኩሽ" ብላ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። "አይዞሽ" ብቻ አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ካርቶኑን አምጥታ "ለእኔ አይሆንም፤ አንቺ ያዢው" አለችኝ። ያዝኩት።

ንስሐ አባቴ ስግደት ሰጡኝ፤ "ለልጅቷም ንገሪያት" አሉኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ሁለተኛውን አልቻልኩም። ሰው ፊት እንዴት እንደምትወደኝ ሳይ አፌ ይታሰራል።

አሁን አግብታ ማክሰኝት ትኖራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኬክ ነክታ አታውቅም። ሰው ሥሪልን ሲላት "የእኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም፤ የወንድሜ ሚስት ጋ ሂዱ" ብላ ትልካቸዋለች። ባለፈው ገና እሷ የላከቻቸው ሦስት ሰዎች መጡ።

ሦስቱንም ተቀበልኩ።