አያቴ ፌር የሄደች ቀን

ትኩስ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ሊጥ ላይ የስኳር ዱቄት ሲነሰነስ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ባለሁበት ያቆመኛል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር ስትጠብስ አገኘሁና ሳልገዛ ዝም ብዬ አጠገቧ ቆምኩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እንቁጣጣሽ ቅዳሜ የዋለበት፣ አያቴም እኛ ጋ የነበረችበት ቀን መጣብኝ።

አያቴ የአባቴ እናት ናት። ያን ጊዜ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ባሕር ተሻግራ ከመጣች ገና ወሯ ነበር። ትልቁ አባቴ ነው፤ ሚኒቫን ታክሲ ይነዳ ነበር። ትንሹ አጎቴ ነው፤ ግሌንዴል የሚባል ሰፈር ይኖር ነበር። ሁለቱ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። አጎቴ ጴንጤ ሆኖ በአዲሱ ቸርቹ ሲያገባ፣ አባቴ "እኔ እዚያ ደጃፍ አልደርስም" ብሎ ከሠርጉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አጎቴ እናቱን ሊያይ እንኳ የሚመጣው አባቴ ሥራ መውጣቱን፣ እኔም ትምህርት ቤት መሆኔን ጠብቆ ነበር። ብስክሌት መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነውና ይናፍቀኝ ነበር፤ ስሙን ቤት ውስጥ ማንሳት ግን አይደፈርም።

የዚያን ቀን ሐሳቤ ሁሉ ፌሩ ላይ ነበር። በየዓመቱ ከብት የሚታይበት፣ መጫወቻና ምግብ የሚደረደርበት ትልቅ ትርዒት ነው፤ ፖሞና ድረስ ሊወስዱኝ ቃል ገብተውልኛል። እናቴ በጠዋት አዲሱን ቀሚሴን አልብሳኝ "መጀመሪያ ዘመድ እንጠይቃለን፣ ከዚያ ፌር" ስትለኝ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። የሐበሻ ጥየቃ እንዴት እንደሚረዝም አውቃለኋ!

ለየቤቱ የምንወስደውን ዳቦ ልንገዛ የሐበሻ ሱቆች የተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቆምን። መንገዱ ነጭ በነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ፣ ከየሱቁ ዘፈን ይንቆረቆራል። አባቴ ፓርኪንግ ፍለጋ ብሎኩን ሲዞር አያቴ በመስኮት ብቅ ብላ ላገኘችው ሁሉ "እንኳን አደረሳችሁ!" ትላለች፤ ሰዉም እየቆመ ይመልስላታል። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ተጠግተው፣ "እትዬ፣ መቼ መጡ? እንዴት ሰንብተዋል?" ብለው ጉንጯን ሳሙ። እሳቸውም አያውቋትም፤ እሷም አታውቃቸውም።

ሚራክል ማይል ሰፈር የምትኖረው የእናቴ አክስት "ካልበላችሁ በሩን አልከፍትም" ብላ ዶሮ አበላችን። በርባንክ ሰፈር ደግሞ የእናቴ የአጎት ልጅ ቤት ሌላ ዶሮ ጠበቀን። ጣቴ ወጥ ወጥ እየሸተተ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ እንባዬ ሊመጣ ሲል አያቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አይዞሽ፣ ፌርሽን ሳታዪ አትገቢም። እኔስ መቼ አየሁት?" አለችኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን አባቴ "ኦኬ፣ ሶ አሁን ወደ ፌር" አለ።

"አንድ ቤት ቀረን" አለች አያቴ።

"የማን?"

"የልጄ።"

አባቴ መሪውን ጨብጦ ሞተሩን አስነሳ።

ግሌንዴል ስንደርስ አጎቴ ከሚኖርበት ሕንጻ ፊት ለፊት ሁለት መኪና የሚያቆም ባዶ ቦታ ነበር። አባቴ እዚያው ፓርክ አደረገና፣ "ፓርኪንግ የለም፤ እኔ እዚሁ መኪና ውስጥ እጠብቃችኋለሁ" አለ። እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች።

አጎቴ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ እናቱን አቀፈ፣ ከዚያ እኔን ሊያነሳ ሞክሮ "እንዴ! አድገሻል እኮ!" አለና ሳቀ። ወዲያው ከትከሻዬ በላይ ወደ ኮሪደሩ አየ።

"ታች ነው" አልኩት።

"እሺ" አለ፤ በሩን ግን ለመዝጋት ጊዜ ወሰደበት።

ሚስቱ አያቴን ወደ ኪችን ይዛት ገብታ የሆነ ነገር አንሾካሾከችላት። አያቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ጣራ ጣራውን አየች። ከዚያ አጎቴን ጠርታ፣ "ለወንድምህማ ራስህ ንገረው። እኔ አፌን አልከፍትም" ስትለው ሰማሁ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና፣ "በሉ ጫማችሁን አድርጉ፤ ሁላችንም ፌር እንሄዳለን" አለች።

"እማዬ፣ እሱ ደስ አይለውም" አላት አጎቴ።

"እኔ ደስ ይለኛል።"

ሚኒቫኑ ውስጥ አጎቴና ሚስቱ ከኋላ፣ እኔ መሀል ላይ ተቀመጥን። እስከ ፖሞና ድረስ ወንድማማቾቹ የተነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። "ኤሲው በዝቶ እንደሆነ ጠይቂው።" "አልበዛም በይው።" "የሚቀጥለው ኤግዚት ይሻላል በይው፣ ያኛው ትራፊክ አለው።" አባቴ አጎቴ ባለው ኤግዚት ከሀይዌዩ ወጣ።

ፌሩ ገና ከበሩ ጀምሮ ሙቀቱ ይፋጅ ነበር። የገለባ፣ የከብት፣ የሚጠበስ ሥጋ፣ የሚጠበስ ሊጥና የስኳር ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። አያቴ በሐበሻ ቀሚስ ላይ የእናቴን ስኒከር ተጫምታ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ከብቶቹ ያሉበት አዳራሽ ስንገባ አንዲት ልጅ በጓን በሻምፑ አጥባ፣ በፀጉር ማድረቂያ እያደረቀች ታበጥራታለች። አያቴ ደርቃ ቀረች።

"በእንቁጣጣሽ! በግ ፀጉሯን ትሠራለች?" አለች። "ስንቱ ዘመዷ ዛሬ ድስት ውስጥ ነው!"

አባቴና አጎቴ እኩል ፈነዱ። የሁለቱም ሳቅ አንድ ዓይነት፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማስነጠስ የሚቆራረጥ ነበር፤ ረስቼው ነበር። ተያዩ። ወዲያው አባቴ ፊቱን ወደ ፍየሎቹ አዞረ፤ ፍየሎቹን እንዲያ አተኩሮ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፀሐዩ በረድ ሲል ፌሪስ ዊሉ ጋ ደረስን። አያቴ ቀና ብላ፣ ሰው እያሳፈረ የሚዞረውን ግዙፍ ጎማ አየችና "እወጣለሁ" አለች። "ብቻዬን ግን እፈራለሁ። አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ ያዙኝ።" አባቴ ከፍታ ይፈራል፤ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ እንኳ አይቆምም። እናቱን እምቢ ማለት ግን አልቻለም። ግራና ቀኝ ደግፈዋት ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ "ቀድማችሁ ግቡና ሳቡኝ" አለቻቸው። ገቡ። እሷ አንድ እግሯን አንስታ መልሳ አወረደችው።

"ውይ ጉልበቴ!" አለች። ለሠራተኛው በእጇ "ዝጋ፣ ዝጋ" አለችው።

ሠራተኛው ዘጋው። አባቴ "እማዬ!" ሲል ጎማው አንስቶት ሄደ።

አጠገባችን መጥታ ቀና ብላ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ሲዞሩ አባቴ ዘንጉን በሁለት እጁ ሙጭጭ ብሎ ይዞ፣ አጎቴ ወደ ሌላ ወገን ያያል። ሁለተኛ ሲዞሩ አጎቴ ይናገራል። ከዚያ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጎማው ሰው ሊጭን ቆመ፤ ሁለት ራሶች ብቻ ይታዩኛል፤ ወዲያው አንዱ ወደ ሌላው ሄዶ ተደገፈ። የአጎቴ ሚስት ክንዴን ጨብጣ ነበር፤ ሳታውቀው አሳመመችኝ።

ሲወርዱ አባቴ ዓይኑ ቀልቷል። ቀጥ ብሎ ወደ አጎቴ ሚስት መጣ፤ ግንባሯን ሳማት።

"ሠርግሽ ላይ አልነበርኩም" አላት። "ልጁ ሲወለድ ግን ሆስፒታል በር ላይ የማድረው እኔ ነኝ።"

እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። ሰልፍ ላይ የነበሩት ፈረንጆች ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ አጨበጨቡልን። አጎቴ "ጋሼ፣ በቃ" ይላል፤ እሱ ራሱ ግን እያለቀሰ ነው። አያቴ ብቻ አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና፣ "ነይ አሁን እኛ እንውጣ፤ ጉልበቴ ተሽሎኛል" አለች።

ወጣን። ከላይ ንፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ተራሮቹ ሐምራዊ ሆነዋል፤ የታች መብራቶች መብራት ጀምረዋል። አያቴ ገናን እኛ ጋ ሳትውል ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እንደገና አላየናትም። የአጎቴን ሴት ልጅ ያቀፈቻት በፎቶ ነው። ሳስባት ግን ሁልጊዜ እዚያ ላይ፣ ነጠላዋ እየተውለበለበ ነው የምትመጣልኝ።

ያን ዕለት ጎማው እኛን ጫፍ ላይ አድርሶ ቆመ። አያቴ ቁልቁል አየች። አባቴና አጎቴ አንድ ትልቅ የተጠበሰ የቱርክ ዶሮ እግር ገዝተው፣ አባቴ እየቦጨቀ ታናሽ ወንድሙን ያጎርሰዋል። ከዚያ ከፍታ የጣት ያህል ነበሩ።

"አየሻቸው?" አለችኝ። "ይኸው ልክ እንደ ልጅነታቸው ትንንሽ ሆነዋል።"

ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን የጠረገችው።