የአብዱልጀባር ምሽግና የሐሚዳ ሻንጣ

አብዱልጀባር ሊፈታው የተነሳው ችግር ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ አፈር የሞሉ ጆንያዎች ተደራርበው ለምን አይቆሙም? ማታ ደርድሯቸው ይገባል፣ ጠዋት መንገዱ ላይ ተንከባለው ያገኛቸዋል።

ጊዜው ኅዳር 2014 ነው። ጦርነቱ ከወሎ ወደ ሸዋ እየወረደ ነበር። ከጉርድ ሾላ ጀርባ ባለው ሰፈር ነዋሪው ተሰብስቦ መግቢያው ላይ ኬላ እንዲቆም፣ ለጥበቃ የሚወጡት ሰዎች የሚከለሉበት ምሽግም እንዲሠራ ተስማማ። ምሽግ ሠርቶ የሚያውቅ አልተገኘም። ጆንያ ያለው ግን ተገኘ፤ እህል ነጋዴው አብዱልጀባር። ሥራው የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እሱም ደስ ብሎት ተቀበለ። በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቱ ሐሚዳ ኮምቦልቻን ለቃ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ እሱ ቤት ገብታ ነበር። ከልጅነታቸው ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው አያውቁምና እንድትቀር ይፈልጋል። እሷ ግን ሻንጣዋን አልከፈተችም።

«እትዬ፣ ልብስሽን ቁም ሳጥን ውስጥ አድርጊው እንጂ።»

«መጀመሪያ ያንተ ግንብ ቆሞ ሲያድር ልይ። ካልሆነ ጅማ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። እዚያ ቢያንስ ምሽግ የሚሠራ ወንድም የለኝም።»

እዚህ ላይ የጆንያን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እህል ቤት ውስጥ ጆንያ ሲሞላ ይወዘወዛል፤ እህሉ ዝቅ ሲል ይጨመርበታል፤ ደግሞ ይወዘወዛል። አፉ የሚሰፋው ጣት እንኳ ማስገቢያ ሲያጣ ነው። ጎደል ያለ ጆንያ የነጋዴውን ስም ያበላሻል። አብዱልጀባር ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህንን ነውና አፈሩንም ልክ እንደ ማኛ ጤፍ ሞላው። ወዘወዘ፣ ጨመረ፣ ሰፋ። እያንዳንዱ ጆንያ ክብ፣ ጠንካራና የሚያኮራ ሆነ። ችግሩ፣ ክብ ነገር ክብ ነገር ላይ አይቀመጥም።

የመገናኛው ሚኒባስ ሹፌር ገሰሰ ተራው ደርሶ ለጥበቃ ሲወጣ፣ የወደቁትን ጆንያዎች ዞሮ አያቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ማኛ ብለህ ጽፈሃል። የመጣው ሰው ኪሎው ስንት ነው ካለን ምን እንበለው?»

«ላንተ የምሸጥበትን ንገረው። ደንግጦ ይመለሳል።»

ምሳ ይዛላቸው የመጣችው ሐሚዳ ደክሟት አንዱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ጆንያው ተንከባለለ፣ እሷም ገሰሰን ይዛ ተረፈች።

«እንዲህ የታጨቀ ትራስ ላይ ማን ተኝቶ ያውቃል? ራስ አያስቀምጥም። ቀንስለት።»

«ጎደሎ ጆንያ ከኔ ቤት አይወጣም።»

«ወላሂ፣ አንተ ለጠላትም ሚዛን ልትሞላ ነው። አፈር እኮ ነው!»

አብዱልጀባር ማንም እንዳያየው የሱቁን በር ዘጋ። ከአንዱ ጆንያ ሲሶውን አፈር ቀነሰ። ሚዛን የሚሰርቅ ያህል በሩን ደጋግሞ ያይ ነበር። የሆነውን ነገር ግን እስከ ዛሬ ሲያወራው ፊቱ ይበራል። ጆንያው ተዘርግቶ ተኛ! ጠፍጣፋ ሆነ። ሌላው ሲደረብበትና በእግር ሲረገጥ ሁለቱ ተጣበቁ። የላይኛው የታችኞቹ ሁለት ጆንያዎች መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ፣ ልክ እንደ ብሎኬት አሰራቸው። አፉን መስፋትም አላስፈለገም፤ ወደ ሥር ታጥፎ ሲቀመጥ የራሱ ክብደት ይዘጋዋል።

ሁሉንም አጉድሎ እንደገና ደረደረና ግንቡ ቆሞ አደረ። ሐሚዳ ጠዋት መጥታ በመዳፏ ገፋችው፣ በትከሻዋ ገፋችው፣ ወደ ቤት ተመለሰች። ማታ ቀሚሶቿ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅለው ነበር። ባዶው ሻንጣ አልጋ ሥር ገባ።

ጦርነቱ እዚያ ሰፈር አልደረሰም። በምሽጉ ላይ የደረሰው ብቸኛ ጥቃት የገሰሰ ሚኒባስ ነው፤ ወደ ኋላ ሲነዳ ገጨው። የመኪናው መብራት ረገፈ፣ ግንቡ አልተነቃነቀም። ሰላም ሲወርድ ለጥቂት ጊዜ የሰፈሩ መቀመጫ ሆነ፤ ከዚያ ፀሐይ ጆንያውን በላውና ተነሳ።

ባለፈው ክረምት ግን ከላይኛው መንገድ የወረደው ጎርፍ ከሱቁ ጀርባ ያለው የሐሚዳ ክፍል ገባ። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ተንሳፎ ወጣ። ሐሚዳ አድርቃ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ ግማሽ ልብሷንም መለሰችበት።

«ደግሞ ከገባ ጅማ ነኝ» አለችው።

አብዱልጀባር አሁን ከበሯ ፊት ሌላ ምሽግ እየሠራ ነው። ጥይት ፊት ለፊት ይመጣል፤ ውሃ ግን ቀዳዳ ይፈልጋል። ስለዚህ ጆንያዎቹን ጎደል አድርጎ ከደረደረ በኋላ ውሃው በሚመጣበት በኩል ፕላስቲክ አለበሳቸው። የፕላስቲኩን ጫፍ መሬት ላይ ወደ ውጭ ዘረጋው፤ የሚከማቸው ውሃ ራሱ ተጭኖ እንዲያጣብቀው ነው። ትናንት በጥጉ በኩል አፈሰሰ። ዛሬ ጥጉን ቆፍሮ፣ ፕላስቲኩን ቀብሮ፣ ለሙከራ በጎማ ውሃ እየለቀቀበት ነው።

«አብሽሪ እትዬ፣ እንዴት ነው?» ይላል ከውጭ።

ሐሚዳ ሻንጣዋ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ትዳስሳለች፤ ደረቅ ነው።

«ውሃውን ጨምርበት» ትለዋለች።